ታላቅ ተብዬ የከፈልኩት

ሜቲ እህቴ፣ ሰላምታዬ ናዝሬት ድረስ ይድረስሽ። እማዬን ሳሉ ተዋት? እኛ ተመስገን ነው፣ ደህና ነን።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስሮጥ ያከራየችን ታይላንዳዊት ሴትዮ በር ላይ ጠብቃ ወረቀት ሰጠችኝ። ፈገግ ብላ ነው የሰጠችኝ። ልጄ ኢሊሊ ሳታየው ኪሴ ከተትኩት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ለተቆጣ ሰው ሽማግሌ ይላካል፤ ለሚስቅ ሰው ማን ይላካል?

የነዚህን የታይላንድ ሰዎች ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ በምሠራበት ምግብ ቤት ኪችን ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉም የታይላንድ ልጆች ናቸው፤ በዕድሜ ስለምበልጣቸው "ታላቃችን" ይሉኛል። ሁለተኛ፣ ኖቬምበር ላይ ሰባት ሆነን እራት በላን። ሂሳብ ሲመጣ እንደ አገራችን "በሞቴ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው!" ብዬ ወረቀቱን ነጠቅኩ። እጄን የሚይዘኝ ሰው ስጠብቅ ሁሉም መዳፋቸውን ገጥመው እጅ ነሱኝ። ለካ እነሱ ጋ የሚከፍለው ታላቅ ነው። ለሬንት፣ ለቤት ኪራይ ማለቴ ነው፣ የያዝኩትን አወጣሁ። ሦስተኛ፣ ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይጠሩኛል። ታላቅ ከተባሉ በኋላ እንዴት እምቢ ይባላል?

ኢሊሊ "ዳድ፣ ለምን ስፕሊት አላደረጋችሁም?" አለችኝ። ለምን ሂሳቡን አልተካፈላችሁም ማለቷ ነው።

ለጊዜው በዚህ አድራሻ ምንም አትላኪ፤ ስልክ ይሻላል። ኢሊሊ ስትደውልም የቤት ነገር አታንሺባት።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ ኤዶሳ፣ ከሆፕኪንስ ከተማ

ይኸው ሴትዮዋ የሰጠችኝ ወረቀት የሚለው፦ "የኖቬምበር ሬንት ግማሹ፣ የዲሴምበር ደግሞ ሙሉው አልተከፈለም፤ ካልተከፈለ ቤቱ ይለቀቅ።"