ሱሀይል የተቀበረበት ሳምንት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ሙፈሪሃት፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ እትዬ? ራስ ምታትሽ ተሻለሽ ወይ? ልጆችሽስ? የእማ ጉልበት በዚህ የደሴ ብርድ እንዴት ሆነ? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ልቤን ግን አትጠይቂኝ። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ልቅሶ ስለቀደመኝና ስለዘጋሁት፣ ይኸው በጽሑፍ ልንገርሽ።

አምና ሱሀይል ስለሚባል የክፍሌ ልጅ አጫውቼሽ ነበር፤ ቤተሰቦቹ የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እሱ ግን እዚሁ ስዊድን የተወለደ። ቤቱ ፊቲያ ሆኖ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት ስንወጣ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ ማለቴ ነው፣ ሁስቢ ድረስ ሸኝቶኝ ይመለስ ነበር። "መንገዴ ነው" ይለኛል። የከተማው ሌላ ጫፍ እኮ ነው እትዬ! የወደድኩት ያኔ ነው። እጄን እንኳ የያዘኝ ብርዱን ሰበብ አድርጎ ነው።

በግንቦት እግሩን ያመው ጀመር። ኳስ ስጫወት ነው ሲል ቆይቶ፣ ሐኪሞቹ የአጥንት ካንሰር ነው አሉት። ሕክምናው ፀጉሩን ሲያረግፈው "ከእንግዲህ አትምጪ" ብሎ በስዊድንኛ መልእክት ላከልኝ። ቀኑን ሙሉ አልቅሼ በማግስቱ የተኛበት ሆስፒታል ሄድኩ። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ወንበር ስቤ የቤት ሥራዬን መሥራት ጀመርኩ። ልሄድ ስነሳ "አትሂድ" አለኝ በአማርኛ። እዚህ ስላደገ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የሚጠራው። ሳቅኩ፤ አላረምኩትም። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እሱ ጋ ነበር የምሄደው። እናቱ ከሥራ ሲመጡ እኔ እነሳለሁ። የክፍል ጓደኛው ነኝ ብያቸው ነበር፤ ሌላ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

በጥር ሕመሙ ሳንባው ውስጥ ገባ። ባለፈው ማክሰኞ አረፈ። አላህ ጀነት ያግባው።

ወንዶቹ በበረዶ ውስጥ ሊቀብሩት ሲሄዱ፣ እኔ ለቅሶ ቤት ገብቼ በሩ አጠገብ፣ ጫማ የተከመረበት ጋ ተቀመጥኩ። ጮክ ብዬ ላለቅስ ማን ነኝ ብዬ አፌን በሻሼ አፈንኩ። አንዲት ሴትዮ "አንቺ ደግሞ ምኑ ነሽ?" አለችኝ። እናቱ ግን ሰምተው ኖሮ ከፍራሹ ተነስተው መጡ፤ እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው "አልቅሺ ልጄ፤ ከእንግዲህ ማንም ምኑ ነሽ አይልሽም" አሉኝ። እሪ ያልኩት ያኔ ነው፣ እትዬ።

ለእማ አንቺ በምታውቂው መንገድ ንገሪልኝ። አባባ ዱዓ ያድርጉለት፤ እጃቸውን ሳሚልኝ። ወንድማችንን ሸኪብን ትምህርቱን እንዳይተው በይልኝ። ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትሽ ሩሚሳ
ሁስቢ፣ ስቶክሆልም
የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.