ለሰበታው የፊልም አስተርጓሚ

ይድረስ ለባለቤቴ ለተሰማ፤

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን ያንተን ጤና አልጠይቅም። በሕይወት ሳለህ ስጠይቅህ የመለስክልኝ ይበቃኛል። ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሆነ። ስምንቱን ወር አለቀስኩልህ፤ ይህን የመጨረሻውን ግን በንዴት ነው የገፋሁት። የምጣላው ካንተ ነው፣ አንተ ደግሞ የለህም። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አልማዝ ወደ አምስተኛ ክፍል ተዛውራለች፤ መልኳ ቁርጥ አንተን እየሆነ ነው። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። እሁድ ከሰዓት ፊልም ይታይበት የነበረው የአርመኑ መጋዘን እንደ ድሮው የእህል ማከማቻ ብቻ ሆኗል። አርመኑ ባንተ ቦታ ሁለት ሰው እያቆመ ሞክሮ ነበር፣ ተመልካቹ ግን ሳያልቅ እየተነሣ ወጣ። ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ፣ ያ ከፊት ተቀምጦ ጋቢውን እየነከሰ ያይ የነበረው፣ ባገኘኝ ቁጥር «አስካለ፣ ተሰማ ከሞተ ወዲህ ሙታን ማስፈራት ተዉ፤ ማል ጎና፣ ምን እናድርግ» ይለኛል። እሱ የሚለው ስለ ፊልሞቹ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያኔ እኮራብህ ነበር። መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፍነው፣ ከፉሪ ድረስ በእግሩ የመጣው ሰው ሁሉ ጆንያ ላይ ተደርድሮ፣ አንተ ዘንግህን ይዘህ ከሸራው አጠገብ ቆመህ ትጀምራለህ። እንግሊዞቹ የሠሩት፣ ሬሳ ሣጥን ውስጥ የሚያድረው ሰውዬ ሲመጣ ደም መጣጭ ነው አላልክም። ሞቶም እንኳ ከጭሰኞቹ ሲሶውን መሰብሰብ ያልተወ ባላባት ነው አልክ። ሰዉ በሳቅ ሞተ፤ በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ጠርተው አስጠነቀቁህ። በአባቶቻችን ዘመን የተሠራውን የጀርመኖቹን ድምፅ አልባ ፊልምም አልረሳሁትም። ነፍሱን የሸጠው ወፍጮ ጠባቂ አፉን ይከፍታል እንጂ ቃል አይወጣውም፤ አንተ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አናዘዝከው። ባዶ ቤት ውስጥ የእግር አልቦ የሚሰማበትን የህንዶቹንም እንዲሁ አሳመርከው።

ከሁሉ የምወደው የጃፓኖቹን ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሐይቅ ወጥታ ባሏ በር ላይ የምትቆመውን ሟች ሚስት። ተዝካሯን ስላላወጣላት ነው የምትመጣው አልከን። በመጨረሻም ባልየው በግ አርዶ ነዳያን አበላላትና፣ እጇን ይዞ እስከ ሐይቁ ሸኝቷት ዐርፋ ተመለሰች አልክ። በጉንና ነዳያኑን እኛ አላየናቸውም፤ ከዚያ ተራራ ጀርባ ነው አልከን፣ አመንንህ። ሴቶቹ ሁሉ አለቀስን። እኔማ ለዓመታት ጃፓኖችም ተዝካር የሚያወጡ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ወር እህቴ ወይንሸት፣ ቤት ዘግተሽ አትበስብሺ ብላ ቡራዩ ወሰደችኝ። እዚያም እሁድ ከሰዓት ፊልም ይታያል፤ የሚተረጉመው አንድ ወጣት መምህር ነው። ያው የጃፓኖቹ ፊልም ሆነና ደስ አለኝ። መምህሩ ግን ሴትዮዋን ከጀልባ ገፍቶ የጣላት ባሏ ነው አለ። ስለ በግም ስለ ተዝካርም አንድ ቃል አልተናገረም። በመጨረሻ የባሏን እጅ ይዛ ወደ ሐይቁ ወሰደችው፣ አለቀ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም ነህ አልኩት። ልጁ አልተቆጣም። እትዬ፣ እኔ ከሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ነው የማነበው አለኝ። ወይንሸት በቀሚሴ ጎትታ አስቀመጠችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። አላወቅህም እንዳልል፣ ከመንገድ ሥራ መሐንዲሶች ጋር ስድስት ዓመት ስትሠራ እንግሊዝኛውን አቀላጥፈኸዋል። አውቀህ ነው የለወጥከው፤ እኛ እያዘንን ወደ ቤታችን እንዳንገባ ብለህ ነው። ወደ ሰበታ የሚመልሰኝ አውቶቡስ ላይ ግን ሳቄ ቆመ። ይህ ሰው ከፊልም ሌላ ምን ተርጉሞልኛል ብዬ አሰብኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው ፈረንጅ ሐኪም የተናገረውን።

ቡራዩ ተመልሼ መምህሩን ይቅርታ ጠይቄ፣ እንዲተረጉምልኝ ለምኜ፣ ሐኪሙ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ አስታወሰኝ። በሽታህ ጉበት ነበር። ከዓመት በላይ እንደማትቆይ፣ ከባድ ሥራ እንዳትሠራ፣ ብቻህን እንዳትተው፣ ይህን ሁሉ እኔና አንተ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነግሮናል። አንተ የሆድ ብርድ ነው አለ አልከኝ። እኔም እሰይ፣ በል አውቶቡሱ ሳያመልጠን ተነሥ አልኩህ።

ይህን ለሐኪሙ እንዴት ተረጎምክለት? ባለቤቴ እስከ መጨረሻዋ ቀን ከአጠገቡ አልለይም ትላለች ብለኸዋል። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ የያዘው ለካ ለዚህ ነው። እኔ የፈረንጅ ወግ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁት።

ተሰማ፣ አልለይም አለች ያልካት ሴት እኮ ተለይታሃለች። ያን ሐምሌ ጣራው ሲያፈስ ሰነፍ ብዬ ሰደብኩህ። ቆርቆሮውን ተሸክመህ ወጣህ፤ በዚያ ብርድ ላብህ ሲወርድ አይቼ አሾፍኩብህ። ምግብ ስትገፋ ሌላ ቤት በልተህ መጥተህ ነው ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩህ። ጥቅምት ላይ የወንድሜ ሚስት ሰንዳፋ ልትወልድ ነው ተብዬ ስጠራ ደግሞ፣ ሂጂ፣ እኔም ካንቺ ንዝንዝ ትንሽ ልረፍ አልከኝ። ስቄ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ለአራስ ገንፎ ሳገነፋ ከረምኩ። መልእክት ደርሶኝ ስመጣ አፈሩ እየተመለሰብህ ነበር።

ማን ፈቀደልህ? ለሰበታ ሰው ሁሉ የፈረንጅ ፍርሃት ስታድል የኔን ድርሻ ለምን ደበቅህብኝ? እውነቱን ብሰማ ሐኪሙ ፊት እጮህ ነበር። ኮሌታህን ይዤ እነቀንቅህ ነበር። ጠበልም ሌላ ሐኪምም አዞርህ ነበር። ጣራውንም እኔ እወጣበት ነበር፤ ሰንዳፋ ደግሞ የአራሷ እናት ትሂድ። ከዚያ ተቀምጠን አብረን እንፈራ ነበር። ሰው አብሮ ሲፈራ እንደሚቀለው ካንተ በላይ ማን ያውቅ ነበር? በየእሁዱ ያየኸው ነገር ነው። ወይንሸት ስለሚወድሽ ነው ትለኛለች። መውደድህን መች አጣሁት፣ የተቀማሁት ሌላ ነው።

ትናንት አልማዝ አባዬ በምን ሞተ ብላ ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ ድንገተኛ ምች ነው እላት ነበር። ያንኑ ልደግምላት አፌን ስከፍት አንተን ሆኜ አገኘሁት ራሴን። አስቀምጬ ነገርኳት። ጉበቱ ነበር፣ ያውቅ ነበር፣ ለእኛ አልነገረንም አልኳት። አላለቀሰችም። ፈርቶ ነበር ወይ አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

አልረሳህም። ድምፅህን፣ አካሄድህን፣ ስትስቅ ዐይንህ ጭፍን ማለቱን፣ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ አስታውሳለሁ፤ ለልጅህም ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራታለሁ። ስትፈራ ግን አላሳየኸኝም። የጠየቀችኝ ደግሞ እሱን ነው፤ ከየት አምጥቼ ላስታውሰው?

ባለቤትህ አስካለ