ሰም ያልነካው አፍንጫ

ሰኞ

ዛሬም የሐይቅ ከተማ ሰው ሁሉ ሰዒድ ጓሮ ውስጥ ዋለ። እኔ ጋራዥ ዝር ያለ የለም። ሰዒድን ላሜራ መቀጥቀጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሰብ ወርዶ ጀልባ ሲጠግን ፋይበር ግላስ ለመደና፣ አሁን በአንድ የተገለበጠ መኪና ሻንሲ ላይ ባለሁለት ወንበር የእሽቅድምድም መኪና ይሠራል። ያለ ላሜራ፣ በጨርቅና በሙጫ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከተሳካለት የቀበሌው ማኅበር ጋራዥ ኃላፊ እሱ ነው ብሏል። ያ ቦታ ለእኔ የታሰበ ነበር። ቀናሁ፤ ለገዛ ደብተሬ ምን እዋሻለሁ።

ማክሰኞ

ሰዒድ መጣ። «ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ ካልነካው ልቤ አያርፍም» አለኝ። የመኪናውን ቅርጽ በጀሶ አውጥቷል፤ ውስጡ በሰም ካልታሸ ፋይበሩ ከጀሶው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሰሙን እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ጧፍ ከሚሠሩት ገዝቷል። ማሸቱ የእኔ ሆነ። በሩን፣ ጎኑን፣ ኋላውን አሸሁ። አፍንጫው ጋ ስደርስ ባለቤቴ ዘሐራ ጠዋት ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ «ሰዒድ እኮ ሰው ሆነ፤ አንተ እዚያው ነህ።» አፍንጫውን ሳላሸው እጄን ጠርጌ ወጣሁ። ማንም አላየኝም።

ረቡዕ

ጨርቁን አንጥፈው ሙጫውን ቀቡት። ሽታው አስፋልቱ ድረስ ይሸታል። ሌላ ሙጫ የለም፤ ሊቀመንበሩ በመንግሥት ደብዳቤ ከአሰብ ያስመጣው ያው ነው። ምሳ አልበላሁም። ዘሐራ ምን ሆንክ አለችኝ፤ ራሴን ነው አልኳት። ደስ ብሎኛል ወይ? ትንሽ። አስተግፊሩላህ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ፣ ፋይበሩ ከጀሶው ከመውጣቱ በፊት ዱዓ ተደረገ። ሼሁ እንደ ወትሯቸው «ቂም ይዞ ዱዓ የለም፤ አውፍ ተባባሉ» አሉ። ሰዒድ ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ ጉልበቴን ያዘ። ሳላማክርዎት ጀምሬ ቅር ካለዎት አውፍ ይበሉኝ አለ። አውፍ ብያለሁ አልኩ። እኔ ግን እሱን አውፍ በለኝ አላልኩም።

ከዚያ ሳቡት። ኋላው ወጣ፣ ጎኑ ወጣ፣ ሰው እልል አለ። አፍንጫው ግን ጀሶው ላይ ተጣብቆ ተቀደደ። ሊቀመንበሩ «ይሄ አሻጥር ነው» አለ። ሰኞ ጠዋት ሰዒድ ቀበሌ ቀርቦ ያስረዳል። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል።

እሑድ

ትናንት ቻልኩት፤ ዛሬ አቃተኝ። ሄጄ ነገርኩት። ሆን ብዬ ነው ሰዒድ፣ ቀንቼብህ ነው አልኩት። የተቀደደውን ጠርዝ በሞረድ እየፋቀ ነበር፤ ቀና አላለም። «አውቄያለሁ። ጀሶው ላይ ሰም አልነበረም። እርስዎ ደግሞ ሥራ ረስተው አያውቁም።» ታዲያ ለምን ዝም አልክ? «አውፍ ተባብለን የለ? ነገ እኔ ነኝ የረሳሁት እላለሁ። እርስዎ ልጆች አሉዎት።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሥራ በለጠኝ፣ ይሁን። በልብም ይብለጠኝ? ቅናቴ ዛሬም አለቀቀኝም፤ እውነቱ ይኸው ነው። ነገ ሊቀመንበሩ ቢሮውን ሳይከፍት ሰሙን የተውኩት እኔ ነኝ ልለው በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ በዚህ እንኳ ሰዒድ አይቀድመኝም። ለዘሐራ ምን ብዬ ከቤት እንደምወጣ ግን አላውቅም።