መጨረሻውን ማን ያያል

ሰኔ 14 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ይድረስ ለምናፍቅህ ልጄ፣ ለድምፅ ቀጂው፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። የወጥ ቤቱ በር አሁንም ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አባትህ «ልጄ መጥቶ ይቅዳው» ብሎ ዘይት አላስቀባም አለ።

ድምፁን የቀዳህለት ፊልም ሲኒማ ቤት በገባ ማግስት ታናሽ እህትህ በስልኳ ይዛው መጣች። ከኢንተርኔት አወረድኩት አለችኝ። ታውቃታለህ፣ የወደቀ ቦርሳ አግኝታ ባለቤቱን ስትፈልግ ፈተና ያመለጣት ልጅ ናት። ይሄስ ስርቆት አይደለም ወይ ብላት፣ «እማዬ፣ ቦርሳ ብወስድ ባለቤቱ ያጣዋል። ይሄ ኮፒ ነው፤ ማን ምን ጎደለበት? ሁሉም ሰው ያወርዳል» አለችኝ። እኔም ሥራህን ለማየት ቸኩዬ ነበርና አልተከራከርኩም።

ጎረቤት ተጠራ፤ ስልኳም ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያያዘ። አባትህ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያልነካውን ኮት ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ፊት ጉብ አለ። ለፊልሙ እንዳይመስልህ፤ መጨረሻ ላይ ስምህ ሲወጣ፣ አጠገቡ የሚከተለውን የራሱን ስም ሊጠብቅ ነው። ፊልሙ አለቀና ጨለመ። ስምህን ጠበቅን። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መብራት ጠፋ እንዴ አለች።

ለካስ እህትህ ለጓደኞቿ ስታድል፣ ስልክ እንዳይሞላ የመጨረሻውን የስም ዝርዝር ሁልጊዜ ትቆርጠዋለች። «ማን ያየዋል ብዬ ነው» አለች ቀስ ብላ።

አባትህ አልተቆጣም። ኮቱን እያወለቀ «እኔ አየው ነበር» አለ። ያኔ እህትህ አለቀሰች፤ የጎደለበት ሰው እዚሁ ሶፋው ላይ ነበራ።

በማግስቱ እኛንም፣ እያጉረመረሙ የመጡ ጓደኞቿንም ሲኒማ ቤት ይዛን ሄደች። ሰው ሁሉ ሲወጣ እኛ አልተነሳንም፤ ጽዳት ሠራተኛው መጥረጊያውን ተደግፎ ጠበቀን። ስሞቹ እንደ ጉንዳን ሲግተለተሉ እህትህ የአባትህን እጅ ይዛ «መጣ፣ መጣ፣ ይኸው» አለችው። አጨበጨብን። ጽዳት ሠራተኛውም ነገሩ ሳይገባው አጨበጨበ።

አባትህ «አየሁት፤ ጥርት ብሎ ነው የተጻፈው» አለ። ፊቱን ያዞረው ግን ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ እህትህ ድምፅ ነበር።

እህትህ ማውረድ ተወች ብዬ አልዋሽህም። ያንተን ግን ከየጓደኛዋ ስልክ እየዞረች አስጠፍታለች፤ የሌላውም ፊልም ቢሆን የስም ዝርዝሩ አልፎ ሳያልቅ አትነሳም።

ፈጣሪ ስምህን ከነተከታዩ ያቆይልኝ። ስትመጣ በር ላይ ቆመህ እስኪያይህ አትጠብቀው። ቀረብ ብለህ አንድ ቃል ተናገር፤ በድምፅህ ያውቅሃል።

እናትህ