ስለ ሄሊኮፕተሮቹና ስለ አንተ መመለሻ

ሊዝበን፣ ጥቅምት 1971

ውድ ሊያንድሮ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጎረቤታችን መርከበኛው ዛካሪያስ ነው። በፖስታ ብልከው ከአንተ ቀድመው የሚያነቡት ሰዎች አሉ፤ እነሱም ሥራ በዝቶባቸዋልና ላስቸግራቸው አልፈለግሁም።

ጊኒ ጫካ ውስጥ ጦርነት ላይ ያለህ ይመስልህ ይሆናል። ተሳስተሃል ልጄ። የክርስትና አባትህ የውጭ ጉዳይ አስተርጓሚ ነውና ከአንተ የተሻለ መረጃ አለው፦ ጦርነት የለም። ቅኝ ግዛትም የለንም። ያለን ባሕር ማዶ ያለ ክፍለ ሀገር ነው፤ እዚያም ትንሽ የፀጥታ ጉድለት አለ። ሲተኮስብህ በዚሁ መልክ ተረዳው።

ማክሰኞ የወዳጅ አገር መልእክተኞች ስለዚሁ ስለሌለው ጦርነት ሊመክሩ መጡ። ሄሊኮፕተር ሊሰጡን ፈልገዋል። ችግሩ፣ የጋራ የጦር ቃል ኪዳናችን የሚጸናው ካርታው ላይ ከተሰመረች አንዲት መስመር በላይ ብቻ ነው። አንተ ከመስመሯ በታች ነህ።

የእኛ ሹም ክቡር ቪዬጋስ፣ "ጊኒ እኮ ቤታችን ናት። ሰው ጓዳው ሲገባ ድንበር ተሻገረ ይባላል እንዴ?" አሉ።

የእንግዶቹ አለቃ፣ "ወደ እርስዎ ጓዳ ግን በመርከብ ነው የሚገባው" ብሎ መለሰ።

ሁሉም ሳቁ። ሳቅ አይተረጎምምና እኔ አረፍኩ። በመጨረሻ ሄሊኮፕተሮቹን ሊዝበን ላይ ሊያስረክቡን፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚበሩ ላለመጠየቅ ተስማሙ። በምትኩ እዚያ ያለው ጦር ቁጥሩ እንዳይቀንስ ዋስትና ፈለጉ።

የሥራዬን ደንብ ታውቃለህ። አስተርጓሚ "እሳቸው እንዲህ አሉ" አይልም፤ የተናጋሪውን "እኔ" ወስዶ "እኔ" ይላል። ጠዋት ሹም፣ ከሰዓት አምባሳደር ሆኜ ውዬ በትራም ተጋፍቼ ቤቴ የምገባ ሰው ነኝ። ክቡር ቪዬጋስም ተነሡና፣ "ለገና ሊመለሱ የነበሩትን ልጆች ተጨማሪ አንድ ዓመት አቆያቸዋለሁ" አሉ። ተራው የእኔ ሆነ።

ለገና የምትመለሰው አንተ ነህ።

አልወጣኝም። አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። ክቡር ቪዬጋስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ምነው ኮስሜ፣ የምሳው ዓሣ አጥንት ተሰነቀረብህ?" አሉኝ።

"ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ዓመት ነው ያሉት?"

"ዓመት። ዛሬ ቋንቋው ጠፋህ ወይ?"

ለአፍታ ሞኝነት ያዘኝ፤ እኔ ካልተናገርኩት የማይፈጸም መሰለኝ። ሁለት መንግሥታት ጉሮሮዬ ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ መሰለኝ። ይህን ጊዜ ከእንግዶቹ ጋር የመጣችው ባለመነጽር አስተርጓሚ ልታግዘኝ ብላ፣ በትሕትና፣ ዓረፍተ ነገሩን ከእኔ ባማረ አነጋገር ጨረሰችው። አለቃዋ "በጣም ጥሩ" አለ። እሷም፣ "አይዞህ ወንድሜ፣ እኔንም ያጋጥመኛል" አለችኝ። ከልቧ ነበር፤ ልረግማት እንኳ አልቻልኩም።

ክቡር ቪዬጋስ፣ "ልጆቹም ደስ ይላቸዋል" ብለው ጨመሩ። ይህችን እኔው ተረጎምኳት። በተጠመቅህ ቀን ቄሱ ሲጠይቁህ በአንተ ፈንታ "ሰይጣንን ክጃለሁ" ብዬ የመለስኩት እኔ ነበርኩ፤ ማክሰኞም በአንተ ፈንታ ደስ አለኝ።

አመሻሽ ላይ እናትህ ዘንድ ጎራ አልኩ። ኤርሜሊንዳ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ለመመለሻህ የአንተን ክፍል ኖራ ትቀባለች።

"ከትልልቆቹ ጋር ውለህ ምን ሰማህ?" አለችኝ።

"ስለ ሄሊኮፕተር ነው የተወራው።"

"ልጄን በሱ ሊያመጡልኝ ነው? በመርከብ ይሁንለት ባክህ። ከፍታ ይፈራል።"

ምስጢር ላላወጣ ምያለሁ። ባልምል ኖሮስ በየትኛው አፌ እነግራት ነበር?

"ኤርሜሊንዳ፣ ምን አስቸኮለሽ? ቀስ ብለሽ ቀቢው። ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም፣ ግድግዳው አይደርቅልሽም" አልኳት።

በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ሰማዩን አየች። ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ እኔን አየችኝ። ብሩሿን ባልዲው ውስጥ ለቀቀችው፣ ግማሹ ነጭ በሆነው ግድግዳ ሥር ቁጭ አለች።

ጎንበስ ብለህ ሂድ ልጄ። ከዚህ ሌላ የምመክርህ የለኝም።

በአንተ ፈንታ ሁልጊዜ የሚናገረው የክርስትና አባትህ፣
ኮስሜ