እንፋሎቱ የማይታይ ገንዳ

ሴልፎስ፣ ጥቅምት መጨረሻ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ጉልበትሽ የበርገንን ዝናብ ለመደው ወይስ እንደ ድሮው ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ይነዘንዝሻል? እኛ ቤት ባሌ ሃፍሊዲ ደህና ነው፣ ድመቷም ደህና ናት። የራሴን ነገር ወረድ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ያልደወልኩልሽ ድምፄን ስለምታውቂው ነው። ገና ሃሎ ስል ምን ሆነሻል ብለሽ ታፋጥጪኛለሽ፣ እኔም አንቺን መዋሸት አልችልበትም።

ለግቢያችን የሙቅ ውሃ ገንዳ ልንገዛ ነው። እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከከተማው መዋኛ ገንዳ ያልጠፋሁ፣ ቤታቸው ገንዳ የሚያስተክሉትን ሰዎች ኩራተኞች እያልኩ ሳማ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሃፍሊዲም ይህንኑ አነሳብኝ። አንቺ ሴትዮ፣ ከአገሩ ሰው ሁሉ ተኳረፍሽ ወይስ ሳልሰማ ሹመት ተሰጠሽ፣ አለኝ። ወገቤን እያመመኝ ነው፣ ቀዝቃዛውን መንገድ አልችለውም አልኩት። እሺ አለ። ብዙ አልጠየቀኝም።

እውነቱን ግን ላንቺ ልንገርሽ። መስከረም መግቢያ ላይ ግራ ጡቴ ውስጥ፣ ከብብቴ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ነገር በጣቴ ነካሁ። ያኔ ባቄላ ታክል ነበር። አሁን ከባቄላ አልፋለች። ቆዳውም ወደ ውስጥ ሰርጎድ ብሏል፤ ክንዴን ካነሳሁ ማንም ሰው ያየዋል። መዋኛችንን ታውቂው የለ፤ ራቁትሽን ሆነሽ በሳሙና ሳትታጠቢ ወደ ገንዳው ማን ያሳልፍሻል? የማለዳዎቹ ሴቶች የአንዳችንን ገላ አንዳችን እንደ ጎረቤት ግቢ ነው የምናውቀው። ማን እንደከሳች፣ ማን እንደፀነሰች፣ የማን ጠባሳ እንደዳነ ሳይነገረን እናያለን። እዚያ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ ከአሮጊቷ ሳልቮር ዓይን ማምለጥ የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ሰባት ሳምንት ቀረሁ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ሥራ በዛብኝ አልኩ፣ ሰበብ ሲያልቅብኝ ገንዳ ይገዛልኝ አልኩ።

ሐኪም ጋ ለምን አልሄድሽም እንደምትይ አውቃለሁ። እናታችን በዚህ በሽታ ስትሞት አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔም በነሐሴ አርባ ዘጠኝ ሞላኝ። ሐኪም ስሙን እስካልጠራው ድረስ ምንም አይደለም እያልኩ ቀን እገፋለሁ። ፈራሁ፣ እህቴ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሬይክያቪክ ሄደን ገንዳ መሸጫ ገባን። ሻጩ ኦርቫር የሚባል ሽማግሌ ነው። ሁለት ዓይነት አለ ብሎ አሳየን። አንደኛው የከተማውን ፍል ውሃ ከቧንቧ በቀጥታ የሚሞሉት፣ ከገላ በኋላ የሚለቁት ነው። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፣ ክዳን ተደፍቶበት ሌት ተቀን ትኩስ ሆኖ የሚቆይ። እናንተ ፍል ውሃው በእግራችሁ ሥር እየሮጠ በኤሌክትሪክ ማሞቅ ምን የሚሉት ዕብደት ነው፣ አለን። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። በእኛ ሰፈር ከግቢሽ እንፋሎት ሲነሳ ከታየ ጎረቤት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሳይጠራ ይመጣል፤ አትግቡ ማለትም ነውር ነው። እንፋሎቱ የማይታየው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሽማግሌው ሳቀና፣ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ገንዳ ስሸጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ከማን ልትደበቂ ነው፣ አለኝ። ፊቴ ሲቀላ ተሰማኝ። በሰው ቀልድ ቀድሞ የሚስቀው ሃፍሊዲ አልሳቀም።

እኔ ጥልቅ የሆነውን፣ ውሃው እስከ አንገት የሚሸፍነውን መረጥኩ። እሱ አሻፈረኝ አለ። ከነካፖርቱ፣ ከነጫማው፣ ደረቅ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ያውም ግራ እጁን ከኋላው ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦ። ሰው ያየናል፣ ምን እየሠራህ ነው አልኩት። ሳይሞከር ይገዛል እንዴ፣ ጫማ እንኳ በእግር ይለካል፣ አለኝ። በመጨረሻ ጠርዙ ዝቅ ያለ፣ ደረጃ ያለው አገኘና ኦርቫርን እጀታውን በቀኝ በኩል ግጠምልን አለው። እኔ ክዳኖቹን የማይ መስሎት ደግሞ ድምፁን ቀንሶ፣ ስፌት ያለበት ሰው ከስንት ሳምንት በኋላ ነው ሙቅ ውሃ የሚገባው ሲል ሰማሁት። ኦርቫርም እሱን ሐኪም ጠይቅ፣ እኔ ገንዳ ነው የምሸጠው አለው።

መኪና ውስጥ ስፌት ያለበት ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሰው ያረጃል፣ ለሁሉም ማሰብ ነው፣ አለኝና ስለ ነፋስ ማውራት ጀመረ። ባለፈው ክረምት የማን ገንዳ ክዳን በማን ጣሪያ ላይ እንዳረፈ ቤታችን እስክንደርስ ሲያወራ ነበር። ሃፍሊዲ ዕድሜውን ሙሉ ተሰፍቶ አያውቅም። ግራ እጁም እንደ በሬ ጠንካራ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር። ኦርቫር በዚህ ሳምንት አመጣላችኋለሁ ሲለው፣ የለም፣ በጥር አድርገው አለው። ከመስከረም ጀምሮም ከመስኮቱ ብርድ ይገባል ብሎ አልጋ ላይ ቦታ ቀይሮኛል፤ አሁን የሚተኛው በቀኜ ነው፤ እባጩ ያለው በግራዬ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ደብዳቤ አጥፈሽ ከማስቀመጥሽ በፊት በር ዘግተሽ ገላሽን በእጅሽ ፈትሺ። የአንድ እናት ልጆች ነን። ብትቆጪኝም ተቆጪኝ፣ ብቻ ፈትሺ።

ዛሬ ቁርስ ላይ ሃፍሊዲ ዓይኑን ከዳቦው ሳያነሳ፣ ሰኞ ጠዋት ሬይክያቪክ እንሄዳለን፣ ለገንዳው የቀረ ጉዳይ አለ፣ ከሥራ ፈቃድ ውሰጂ፣ አለኝ። ሱቁ ሰኞ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፎ ሁለታችንም አንብበነዋል። እኔም እሺ፣ ስንት ሰዓት እንነሳ አልኩት።

ፈጣሪ አንቺንና ቤትሽን በጤና ያቆይልኝ። ሰኞ ስልክሽን ከእጅሽ አትለዪው።

ገንዳ ስትመርጥ የከረመችው
ታናሽ እህትሽ