ክፍልህን ለወታደሯ ሰጠናት

ውዱ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ፋሲካ አለፈ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ቤቱም ጭር ብሏል። እስክትመለስ ድረስ ከአንተ ጋር ልጫወት ብዬ ተቀመጥኩ።

ደክሞኛል አባዬ። ለእማዬ እንዲህ ብዬ አልነግራትም፤ የራሷ ይበቃታል። ለአንተ ግን ድሮም እነግርህ ነበር።

ሰፈራችን አርችዌይ እንዳለች ናት። ሊፍታችን ዛሬ ሠርቶ ነገ ይቆማል። የእማዬ ጉልበት ስለባሰበት አራተኛ ፎቅ የምትደርሰው በየፎቁ እያረፈች ነው። አንተ ስለ ኳስ ትጨቃጨቃቸው የነበሩት ጎረቤታችን፣ አይሪሹ ሽማግሌ፣ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሄዱ። ሲሰናበቱን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «አሁን ከማን ጋር ልጣላ?» አሉን።

እኔም ሥራ ቀይሬአለሁ። አንድ ኮሌጅ ቢሮ ውስጥ ነኝ። ከአሜሪካ ጦር ወጥተው ሎንደን ለመማር የሚመጡ ሰዎች አሉ። መንግሥታቸው የትምህርት ክፍያቸውን ይችላል፤ ለቤት ኪራይም በየወሩ አበል ይሰጣቸዋል። የእኔ ሥራ ያ አበል ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ ገምቶ መንገር ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን አበሉ ከአገሩ ውጭ ለሚማር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሎንደን ኖርክ፣ ኑሮ ርካሽ የሆነበት ከተማ ኖርክ ልዩነት የለውም። የሚከፈለውም ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። ኮሌጁ ለገና ሲዘጋ አበሉም ይቆማል፤ አከራይ ግን ገና ነው ብሎ ኪራይ አይተውም። ትምህርት የቀነሰ ሰው አበሉም ይቀንስበታል። ይህን ሁሉ በፈገግታ ሳስረዳ እውላለሁ።

አንተ ብትሰማ ምን ትል ይሆን? ከቀድሞው ጦር ስትበተን የወጣኸው በለበስከው ልብስ ነበር። ትዝ ይልሃል፣ ዩኒቨርስቲ የገባሁ ዕለት ብርድ ልብሴን ተሸክመህ በአውቶቡስ ስትሸኘኝ? ካሌዶኒያን ሮድ ስንደርስ ከአንድ ካፌ በላይ ያለ መስኮት አሳየኸኝ። «እዚያ ሆኜ ኤሌክትሮኒክስ እማር ነበር» አልከኝ። ለምን እንዳቆምክ ስጠይቅህ «ትምህርቱ አልከበደኝም፣ ቤቱ ነው የከበደኝ» ብለህ ወደ ውጭ ማየት ጀመርክ። ትምህርቱን ካቆምክ በኋላ ሆስፒታል ተቀጥረህ በሽተኛ በተሽከርካሪ አልጋ ስትገፋ ኖርክ። ስለ ትምህርትህ የነገርከኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለፈው መስከረም ቤዛ የምትባል ልጅ ቢሮዬ መጣች። አዲስ አበባ ተወልዳ በሕፃንነቷ ከወላጆቿ ጋር አሜሪካ የሄደች ናት። ጦሩ ውስጥ የከባድ መኪና መካኒክ ነበረች፤ ሞተር ሲጮህባት ኖሮ ግራ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። አብራት ያገለገለች ጓደኛዋ እግሯን ስላጣች፣ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ልትማር ነው የመጣችው። በሩ ላይ ስሜን ስታነብ በተሰባበረ አማርኛ ሰላም አለችኝ።

ግምቱን ራሷ ሠርታ ነበር የመጣችው። ግን የሠራችው አሜሪካ በምትኖርበት ከተማ ልክ ነው። በዚያ ተማምና ስቶክዌል ሰፈር አንዲት ስቱዲዮ ልትከራይ ተስማምታለች። ትክክለኛውን ሠርቼ አሳየኋት። ቁጥሩን በጣቷ ተከትላ አነበበችና «አር ዩ ሹር? እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

እርግጠኛ ነበርኩ። ምን ዋጋ አለው አባዬ፣ የእኔ እርግጠኛነት ማንን ያሳድራል?

ስቱዲዮውን ተወችና እዚያው ስቶክዌል ሰው የሞላበት ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ያዘች። አብረዋት የሚኖሩት ፈረቃ ሠራተኞች ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። እሷም ጫጫታው እንዳይሰማት በደህናው ጆሮዋ ላይ ትተኛለች። እንዲያ ስትተኛ ደግሞ ስልኳ ሲጮህ አትሰማም። የጠዋት ትምህርት ያመልጣት ጀመር።

ገና ሲቃረብ ተመልሳ መጣች። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ከበዓሉ በኋላ አልመለስም» አለችኝ። «ማንም አላባረረኝም። ደከመኝ ብቻ።»

እኔም ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። ለሁሉም የምለውን አልኳት፤ ለችግረኛ ተማሪ የሚሰጥ ድጋፍ አለ፣ አፕላይ አድርጊ። «አድርጌአለሁ» አለች። «መልስ እስኪሰጡኝ የት ልደር?» የአንተ ድምፅ፣ ያ አውቶቡስ ውስጥ ያልከኝ ነገር መጣብኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ሌሊት ሠርተህ ቀን የምትተኛባትን ትንሿን ክፍል ታውቃታለህ፤ ከሄድክ ወዲህ ዘግታታል። አቧራ ልትጠርግ ብቻ ትገባና ቆይታ ትወጣለች። «የሱን አልጋ? አንቺ ደግሞ!» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። እኔም አልጨቀጨቅኳትም።

ከቀናት በኋላ ምስር እየለቀመች ሳለ፣ ቀና ሳትል፣ «ጆሮዋን የጎዳት ጥይት ነው?» አለችኝ።

«አይደለም እማዬ፣ የመኪና ሞተር ነው።»

«ያው ነው» አለች። የለቀመችውን ምስር ወደ ድስቱ ገልብጣ «እስቲ ትምጣና ልያት» አለችኝ።

እማዬ አይታት እሺ አለች። እንደማታምነኝ ስለማውቅ ልንገርህ፤ ነገሩን በሥርዓቱ ነው ያደረግኩት። ለአለቃዬ ነግሬ የቤዛ ጉዳይ ወደ ሌላ ሠራተኛ ተላለፈ። የቤቱ ባለቤት ነውና ካውንስሉን፣ የአካባቢውን አስተዳደር፣ አስፈቀድኩ። ኪራዩን እንደ አቅሟ ትከፍላለች፤ አበሏ በሚቆምበት ወር እማዬ አትጠይቃትም።

ክፍሏን ስንከፍት ልብሶችህን አጣጥፈን ወደ እኔ ቁም ሣጥን አዛወርን። ሰማያዊ ጃኬትህን ግን እማዬ ከበሩ ጀርባ አላወርድም አለች። «ይኸ አይነካም» አለቻት። ቤዛም «አልነካም» አለች፤ እስከ ዛሬ አልነካችውም። በማግሥቱ እማዬ ገብታ አልጋውን አየችው። አንሶላው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ጠርዙ ታጥፏል፤ ልክ አንተ እንደምታነጥፈው። ወጥታ ኩሽና ቧንቧውን ከፈተችና ብዙ ቆየች።

ሳቅም አለ አባዬ። ቤዛ የመጀመሪያ ቀን እማዬን «አንቺ» ብላ ጠራቻት። «እኔ እኩያሽ ነኝ?» ስትላት ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች፣ አለቃ የተቆጣት ነው የምትመስለው። ከዚያ ወዲህ እኔን ሳይቀር «እርስዎ» ትለኛለች። ብነግራትም አልተውም አለች።

ጠዋት ጠዋት የምትቀሰቅሳት እማዬ ናት። ጉልበቷን እያሻሸች ትሄድና በሩን ትደበድባለች፤ «ተነሺ፣ ትምህርት!» የሚለው ጩኸት ጎረቤት ሳይሰማው አይቀርም። ቤዛ የመጀመሪያውን ዓመት አለፈች። ውጤቱን ስትነግረን እማዬ ከእኔ ምረቃ ቀን በላይ እልል አለች። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ትንሽ ብቻ።

ታዲያ ለምን ደከመሽ ትለኝ ይሆናል። በቤዛ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ስለሚቀመጥ ነው። ከእሷ በኋላ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው መጣ፤ ታሪክ ለመማር ዕድሜውን ሙሉ የተመኘ። ግምቱን አስተካክዬ ሠራሁለት። አመስግኖኝ፣ ጨብጦኝ፣ ወደ አገሩ ተመለሰ። ለእሱ የምከፍተው በር አልነበረኝም። አንድ ክፍል ነበረን፤ ሰጠን። አንዳንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ስቆም አውቶቡሱ ሲመጣ እንኳ እጄን ማንሣት ያቅተኛል።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ሙት ዓመትህ ነበር። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ መቃብርህ ዘንድ ስንሄድ ቤዛም ተከተለችን። ካፊያ ነበር። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ድንጋዩን እየጠረገች ሳለ ቤዛ ጠጋ አለችና «ማዕረጋቸው ምን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

እኔና እማዬ ተያየን። አናውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንተም አልነገርከን፣ እኛም አልጠየቅንህ። እኔ አፈርኩ። እማዬ ግን መጥረጓን ሳታቆም «እኔ ዘንድ ሲደርስ አባወራ ነበር» አለቻት።

ቤዛ ቀልድ አልመሰላትም። ተረከዟን ገጥማ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ካፊያው ፊቷ ላይ እየወረደ ሰላምታ ሰጠችህ። እማዬም ነጠላዋን አስተካክላ እጇን እስክታወርድ ጠበቀቻት።

ያልጠየቅንህ ነገር ብዙ ነው አባዬ። የማውቀውን ግን አልረሳብህም። ስለ አንተ ለሚጠይቀኝ እነግረዋለሁ፤ የሚጠይቀኝ ባይኖርም ልጅ ስወልድ ለልጄ እነግራለሁ፤ አባወራ ነበር ብዬ እጀምርለታለሁ።

ልጅህ ምሕረት